የአውሮፕላን ጢስ በችግኝ አይታጠብም

የሰው ልጅ ጥፋቱን ባወቀ ጊዜ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። አንደኛው ጥፋቱን መተው ወይም መቀነስ ነው። ሁለተኛው ግን ጥፋቱን እንደ ያዘ ቆይቶ በአጠገቡ አንድ መልካም ሥራ መሥራትና በዚያ ኅሊናን ማሳረፍ ነው። ሁለተኛው መንገድ ቀላል፣ ለሚያየውም ሰው ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ምን ጊዜም ተከታይ አያጣም። በዚህ ጽሑፍ ልከራከረው የተነሣሁት ሐሳብ ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን የሚቈጠር ነው፤ ይኸውም አየር መንገዶች በሰማይ የሚለቁትን ጢስ በምድር ላይ ችግኝ በማስተከል ያካክሱታል የሚለው ሐሳብ ነው።

የእኔን አሳብ ገና ከመነሻው በግልጽ አስቀምጣለሁ። የአውሮፕላን ጢስ የሚቀነሰው ከነዳጅ ጋኑ እንጂ ከችግኝ ጉድጓዱ አይደለም። ችግኝ መትከል እጅግ የተቀደሰ ሥራ ነው፤ ግን የሌላ ሥራ ምትክ ሊሆን አይችልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚመታ ሰው፣ ነዳጁን መንካት ቢከብደን ወደ ኮረብታው ሮጠን እንዳንሸሽ እፈራለሁ።

ይህ የቦሌ ጉዳይ ነው፤ ሆሳዕናንና ዱራሜን፣ ሺንሺቾንና ሾኔን ምን ይነካቸዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ ግን ከሚታሰበው በላይ ይነካቸዋል። በመጀመሪያ፣ ችግኝ ይተከል በተባለ ጊዜ ሁሉ ቦታ የሚፈለገው እንዲህ ባለው ደጋና ወይናደጋ ተዳፋት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከ1993 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዋል። አያሌዎቹ የሄዱት በምድር፣ ድንበር ከድንበር እየተሻገሩ፣ በታላቅ ሥቃይ ነው፤ ኑሮ የቀናቸው ግን ለሠርግና ለለቅሶ የሚመለሱት በአውሮፕላን ነው። ስለዚህ አውሮፕላን ለነዚህ ከተሞች የሀብታም መዝናኛ ሳይሆን እናትና ልጅ የሚገናኙበት ድልድይ ሆኗል። ሦስተኛ፣ የዝናቡ ወቅት በተዛባ ቁጥር በቅድሚያ የሚጐዳው መሬቱ የጠበበበት ገበሬ ነው። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ በቀረ ጊዜ በወላይታ፣ በከምባታና በሀዲያ ምድሩ ለምልሞ እየታየ ሕፃናት በረሃብ የተጐዱበትን ዘመን ያላስታወሰ የለም፤ አረንጓዴ ድርቅ የተባለውም ያ ነው። እንግዲህ ችግኙ በደጁ የሚተከልበት፣ ልጁ በአውሮፕላኑ የሚመጣበት፣ ዝናቡም የሚቀርበት ሕዝብ በዚህ ክርክር ውስጥ ድምፅ ሊኖረው ይገባል።

ክርክሬ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ጋር እንዳልሆነ አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ። ይህ ድርጅት በታኅሣሥ ወር 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንገደኞች በረራ ወደ ካይሮ ያደረገ፣ ከዚያም ወዲህ መንግሥታት ሲለዋወጡ እርሱ ሳይናወጥ የቆየ፣ የአገር ኩራት የሆነ ተቋም ነው። የምከራከረው ከአንድ ሐሳብ ጋር ነው፤ ያም ሐሳብ በመላው ዓለም ያሉ አየር መንገዶችን፣ መንገደኞችን፣ እንዲሁም የመንግሥት ሠራተኞችን ያሳተ ነው። የምንወደውን ተቋም ከስሕተት ለመጠበቅ የሚጽፍ ሰው እንደ ጠላት ሊታይ አይገባውም።

ለመሆኑ ጢስ ስንል ምን ማለታችን ነው? የጀት አውሮፕላን የሚነዳው ከነጭ ጋዝ ጋር ተቀራራቢ በሆነ ነዳጅ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ነዳጅ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ 3.16 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ነዳጁ አንድ ኪሎ ሆኖ ሳለ የሚወጣው ጋዝ ከሦስት ኪሎ መብለጡ ለሰሚው ያስደንቃል፤ ግን የተጨመረው ክብደት ከአየር የተወሰደው ኦክስጅን ነው። አየር መንገዶች በዓለም ላይ የሚለቁት ይህ ጋዝ የሰው ልጅ ከሚለቀው ጠቅላላ 2.5 በመቶ ያህል ነው። አውሮፕላን በከፍታ ሲበር ከኋላው የሚተወው ነጭ መስመርና ሌሎቹ ጋዞች ሲታከሉበት ግን ምድርን በማሞቅ በኩል ያለው ድርሻ ወደ 3.5 በመቶ ከፍ ይላል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ከሌሎች ሥራዎች የሚለየው ሌላ ምትክ ያልተገኘለት በመሆኑ ነው። መኪና በኤሌክትሪክ ይነዳል፤ ምጣድም በኤሌክትሪክ ይጋግራል፤ ሦስት መቶ ሰው ጭኖ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ አውሮፕላን ግን በባትሪ አይነሣም፤ ባትሪው ከነዳጁ ብዙ እጥፍ ይከብዳልና።

አሁን ወደ ዛፉ እንምጣ። ስለ ዛፍ የሚነገረው ሁሉ ምኞት ብቻ እንዳይመስል፣ ከሀዲያና ከከምባታ በስተ ደቡብ ከምትገኘው ከወላይታ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ላንሣ። በሁምቦ ወረዳ የተራቆተውን ተራራ ገበሬዎቹ ራሳቸው በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ ከብት እንዳይገባበት ከልለው፣ የቀረውን ጉቶ እየገረዙ እንደገና እንዲያቈጠቍጥ አደረጉት። 2,728 ሔክታር የሚሆነው ይህ ደን በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአየር ንብረት ውል ሥርዓት ተመዝግቦ፣ ከሚያምቀው ካርቦን ከፊሉ ለዓለም ባንክ ተሽጧል። በመላው አፍሪካ እንዲህ ካለው ሥራ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያምቃል ተብሎ ተሰልቷል። ይህ በየዓመቱ 29,000 ቶን ገደማ ማለት ነው።

እስቲ ይህን ቁጥር ከአውሮፕላን ጋር እናስተያየው። ቦይንግ 787 የተባለው፣ በአሁኑ ጊዜ ነዳጅ ቆጣቢ ከሚባሉት የሚመደበው አውሮፕላን፣ በረጅም በረራ ላይ በየሰዓቱ 5 ቶን ያህል ነዳጅ ያቃጥላል። በቀን 12 ሰዓት ቢበር 60 ቶን ነዳጅ ይጨርሳል፤ የሚለቀው ጋዝም ወደ 190 ቶን ይደርሳል። እንግዲህ አካፍሉት፤ ሰባት ማኅበራት የሚጠብቁት፣ 2,728 ሔክታር የሚሸፍነው የሁምቦ ደን በሙሉ ዓመቱን የደከመበትን አንድ አውሮፕላን ብቻውን በአምስት ወር ይጨርሰዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ከመቶ የሚበልጡ አውሮፕላኖች አሉት። ሁሉም የዚያን ያህል አይበሉም፤ ግን ግማሹን እንኳ በዛፍ እናካክስ ብንል ስንት ሁምቦ ያስፈልገናል? ተራራውስ ከየት ይመጣል?

ይህን ጥያቄ በከምባታ ምድር ላይ ቆሞ መጠየቅ ደግሞ የተለየ ክብደት አለው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በዚያን ጊዜ የከምባታ ጠምባሮ ዞን ይባል በነበረው አገር 680,837 ሰው ተቈጥሯል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 500 ሰው ያህል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም። የአንድ ቤተሰብ ይዞታ እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ጎመኑን፣ ላሚቱንና መቃብሩን ጭምር የያዘ ጠባብ ጓሮ ነው። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ባዶ መሬት የሚባል የለም፤ ባዶ የሚመስለው የግጦሽ ቦታ ነው፤ ገደሉም ቢሆን የሣር ማጨጃና የማገዶ መልቀሚያ ነው። በአውሮፓ ሆኖ ለበረራው ጢስ ጥቂት ገንዘብ የሚከፍለው መንገደኛ ዛፉ በአንድ ሩቅ ባድማ የሚተከል ይመስለዋል። ገንዘቡ ሲመጣ ግን ባድማው የሰው ደጅ ሆኖ ይገኛል።

የተክልና የጊዜ ነገርም አለ። ነዳጅ ከምድር ሆድ ውስጥ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ታምቆ የኖረ ካርቦን ነው፤ አንድ ጊዜ ከተለቀቀ በኋላ ከፊሉ በአየር ላይ ለመቶዎች ዓመታት ይቆያል። ዛፍ ደግሞ ሕይወት ያለው ፍጥረት ስለ ሆነ ይደርቃል፣ ይቃጠላል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ለቤት ማገርና ለማገዶ ይቈረጣል። ጢሱ ዛሬ በአንድ ሌሊት ይወጣል፤ ችግኙ ግን ቢጸድቅ እንኳ ያንን ለመዋጥ ዐሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ብድሩን ዛሬ በጥሬ ገንዘብ ወስዶ፣ ገና ባልተወለደ ጥጃ እከፍላለሁ የሚል ተበዳሪ ማን ያምነዋል?

ይህን ሁሉ ስል ዛፍን ማዋረዴ እንዳልሆነ አስተዋይ አንባቢ ይረዳልኛል። እንዲያውም የምሟገተው ለዛፉ ክብር ነው። በሀምበሪቾ ተራራ ላይ የሚተከለው ችግኝ የራሱ በቂ ምክንያት አለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ያ ተራራ ለከምባታ ሕዝብ የአባቶች መታሰቢያ ነው፤ በቅርብ ዓመታት 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት ጎብኚ እየሳበ ነው። ለአየር መንገድ ሰው 777 የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ስም ነው፤ ለከምባታ ሰው ግን ወደ ተራራው የሚወጣበት ደረጃ ቁጥር ነው፤ አንዱ የሌላው ማጠቢያ እንዲሆን ግን የተፈጠሩ አይደሉም። እንዲሁም በሀዲያ በኩል የሚወርደው ደለል የብላቴን ወንዝ እያደፈረሰ፣ በሻሸጎ ያለውን የቦዮን ሐይቅ እየሞላ ነው። ለብላቴና ለቦዮ ሲባል ዛፍ ይተከል፤ ለንብ ቀፎው፣ ለምንጩ፣ ለትምህርት ቤቱ ጥላ ይተከል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ሥራም በዚህ መንፈስ ሲሠራ ይጠቅማል። የዛፉ ሒሳብ ግን በአየር መንገድ መዝገብ የዕዳ መሰረዣ ሆኖ ሲጻፍ፣ ዛፉም ይዋረዳል፣ ዕዳውም አይሰረዝም።

ይህ ክርክር የእኔ ብቻ እንዳልሆነ ለማሳየት ከውጭ አገር አንድ ነገር ልጥቀስ። የሆላንድ አየር መንገድ ኬ.ኤል.ኤም. መንገደኞቹን በኃላፊነት ብረሩ እያለ፣ ለደን ልማት በሚከፈል ገንዘብ የበረራው ጉዳት የሚቀንስ እንዲመስል አድርጎ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። የአገሩ የተፈጥሮ ጥበቃ ተከራካሪዎች ከሰሱት፤ የአምስተርዳም ፍርድ ቤትም መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ማስታወቂያዎቹ አሳሳች ናቸው ሲል ፈረደ። አንድ የሠለጠነ አገር ፍርድ ቤት በገዛ አገሩ ታላቅ ድርጅት ላይ እንዲህ ብሎ ከፈረደ፣ እኛ ነገሩን ገና ለመጀመር የምንቸኵልበት ምክንያት ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። «ሰማዩን ያጠቈሩት አውሮፓና አሜሪካ ናቸው፤ የአፍሪካ አየር መንገዶች የሚያጓጕዙት ከዓለም መንገደኛ 2 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው፤ ድሀው አገር የሀብታሙን ዕዳ ለምን ይክፈል?» ይባላል። ይህ አባባል በፍትሕ ሚዛን ሲታይ እውነት ነው። ብዙ ያጠፋው ብዙ ይክሰስ፣ ብዙም ይክፈል። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚወጣው መደምደሚያ ነዳጅ እናባክን የሚል ሊሆን አይችልም። አገራችን የምታቃጥለውን ነዳጅ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ ለአንድ አየር መንገድም ነዳጅ ከወጪው ሩብ ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ከጋኑ የተቀነሰ እያንዳንዱ ቶን ለሰማዩም ለካዝናውም ይተርፋል። ችግኝ ማስተከል ወጪ ብቻ ነው፤ ነዳጅ መቆጠብ ግን ትርፍ ነው። ድሀ አገር ከሁለቱ የትኛውን መምረጥ አለበት?

እንግዲህ ከጋኑ እንዴት ይቀነሳል? የመጀመሪያው መንገድ አሮጌውን አውሮፕላን በአዲስ መተካት ነው። በዚህ በኩል አየር መንገዳችን ምስጋና ይገባዋል። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ቦይንግ 787ን፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ኤርባስ ኤ350ን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ አስቀድሞ ተረክቧል። ቦይንግ 787 አካሉ በአመዛኙ ከቀላል የካርቦን ጥንቅር የተሠራ ስለ ሆነና ሞተሩም ስለ ተሻሻለ፣ ከቀድሞው 767 ይልቅ 20 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቆጥባል። አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ይህ አንድ ውሳኔ ብቻውን የስንት ኮረብታ ችግኝ እንደሚሆን ከላይ በተቀመጠው ሒሳብ አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። በማስታወቂያ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው የሞተሩ ሳይሆን የችግኙ ሥዕል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ክብደትንና ባዶ ወንበርን መቀነስ ነው። አውሮፕላን የሚሸከመው እያንዳንዱ ኪሎ በነዳጅ ይከፈልበታል፤ ባዶ ወንበርም ከተያዘው ወንበር ያላነሰ መንገድ ይሄዳል። የአብራሪዎቹ የወረቀት መጻሕፍት በትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሠሌዳ ሲተኩ፣ የምግብ ማቅረቢያው ጋሪ ሲቀል፣ ነዳጅ ርካሽ ከሆነበት አገር ከሚያስፈልገው በላይ ሞልቶ የመጓዝ ልማድ ሲቀር፣ ጥቂቱ ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛው በምድር ላይ ያለው ሥራ ነው፤ ይህ ደግሞ ከሀዲያ ምድር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ነው። አውሮፕላን ቆሞ መንገደኛ ሲጠብቅ መብራቱና ማቀዝቀዣው እንዲሠራ በጅራቱ ያለች ትንሽ ሞተር ነዳጅ ታቃጥላለች። ማረፊያው ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ቢሰካለት ግን ያች ሞተር ትጠፋለች። የአገራችን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ ከውኃ የሚገኝ ነው። ከሀዲያ ምዕራባዊ ተዳፋት የሚወርደው ውኃ ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ይገባል፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ሦስተኛው የጊቤ ግድብ ብቻ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በሰው ደጅ ካለፈ ውኃ የሚገኘው ይህ ንጹሕ ኃይል ቦሌ ላይ ለቆመ አውሮፕላን ሁሉ፣ ለሻንጣ ጋሪውና ለመንገደኛ አውቶቡሱም ይድረስ። የሆሳዕና ሕዝብ ለሰማዩ ንጽሕና የሚያዋጣው ነገር ካስፈለገ፣ ከእንሰቱ ቦታ ይልቅ ይህ ውኃ ይበቃል።

አራተኛው የአበራረር ጥበብ ነው። አውሮፕላን ሲወርድ እንደ ደረጃ እየቆመ ከመውረድ ሳያቋርጥ ተንሸራቶ ቢወርድ ነዳጅ ይቆጥባል፤ በመንደርደሪያው መንገድ ላይ በአንድ ሞተር ቢሄድም እንዲሁ። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ የተመረቀው የአፍሪካ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ በቃል ሳይቀር በሥራ ቢውል፣ በአፍሪካ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ ይበዛ ነበር፤ ወደ ጎረቤት አገር ለመድረስ በሩቅ አገር ዞሮ መሄድም ይቀር ነበር። ነጩን የሰማይ መስመር በተመለከተም፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ አብራሪዎች የበረራ ከፍታቸውን በትንሹ እየለወጡ በ70 በረራዎች ላይ መስመሩን ከግማሽ በላይ ቀንሰውታል።

አምስተኛው ነዳጁን ራሱን መለወጥ ነው። ያገለገለ የምግብ ዘይት፣ የእንስሳት ሞራና ሌላም ተረፈ ምርት ተጣርቶ ወደ አውሮፕላን ነዳጅነት ይለወጣል፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲሰላ ጉዳቱን እስከ 80 በመቶ የሚቀንስም አለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በመላው ዓለም የተመረተው ከጠቅላላው የአውሮፕላን ነዳጅ 0.3 በመቶ ብቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በማረፊያዎቹ ከሚሸጠው ነዳጅ 2 በመቶው ከዚህ ዓይነት እንዲሆን አዟል፤ በ2030 ወደ 6 በመቶ፣ በ2050 ደግሞ ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ፈላጊው ሲበዛ ነጋዴው ተረፈ ምርቱን ትቶ መሬት መፈለግ ይጀምራል። እኛም መጠንቀቅ ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱም ይህን አይተነዋልና። በ1999 እና በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወላይታ ገበሬዎች ለነዳጅ የሚሆን ጉሎ እንዲዘሩ ከውጭ ኩባንያ ጋር ተዋውለው፣ ለምግብ ከሚያርሱት ማሳ ከፍለው ዘርተው ነበር። የተጠበቀው ምርት አልተገኘም፤ ሥራውም ሳይዘልቅ ቀረ። አረንጓዴው ድርቅ የመጣበትም ዘመን ያው ነው። ድርቁን ጉሎው አመጣው አልልም፤ ዝናብ በቀረበት ዓመት ግን ከጉሎ ማሳ የሚለቀም እራት አልነበረም። እንሰት ግን ዝናብ ሲቀር ቆሞ የሚጠብቅ የቤተሰብ ጎተራ ነው። እንሰት ነቅሎ የነዳጅ ተክል የሚያስተክል መካሪ ከመጣ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚለውን ተረት ይንገሩት። ለነዳጅ የሚሆነው የከተማ ምግብ ቤቶች የሚደፉት ዘይት፣ የቄራ ሞራና የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት እንጂ የሰው ቀለብ የሚበቅልበት መሬት አይደለም።

ስድስተኛውና ለእኛ ከሁሉም የሚከብደው፣ መብረር በማያስፈልግበት ቦታ አለመብረር ነው። ዛሬ በየከተማው የአውሮፕላን ማረፊያ ይሠራልን የሚል ምኞት አለ፤ ማረፊያ የሌላት ከተማ የተናቀች ይመስላታል። ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ይህ ምኞት ቢያድርባት የሚያስገርም አይሆንም። ሆኖም ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች። አውሮፕላን ብዙ ነዳጅ የሚጨርሰው ሲነሣና ወደ ላይ ሲወጣ ነው፤ በእንዲህ ያለ አጭር መንገድ ከፍታውን ሳያጣጥም መውረድ ይጀምራል። መንገደኛውም ለፍተሻና ለሻንጣ የሚያጠፋው ጊዜ ሲደመር የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት ነው። ፈረንሳይ ባቡር ከሁለት ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ በሚያደርስበት መንገድ የአገር ውስጥ በረራ እንዲቀር በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደንብ አውጥታለች። እኛ ባቡሩ በሁሉም ቦታ የለንም፤ ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ወስኗል። በጊቤ ውኃ የሚነዳ አውቶቡስ በመልካም መንገድ ላይ ከሆሳዕና አዲስ አበባ ቢመላለስ፣ ለከተማይቱ ክብር ከአንድ ማረፊያ ያንሳልን? የማረፊያው ወጪስ ለሾኔና ለዱራሜ መንገድ፣ ለሆሳዕናም ሆስፒታል ቢውል አይሻልምን? አውሮፕላን ለሩቅ ነው። የጆሀንስበርጉን ልጅ ከእናቱ ለማገናኘት ሌላ መንገድ የለምና እርሱ ይብረር፤ በቅርብ ያለነው ግን ሰማዩን ለእርሱ እንተውለት።

ዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ባደረገው ስብሰባ በ2050 የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ለማድረስ ወስኗል። «የተጣራ» በምትለው በዚህች አንዲት ቃል ውስጥ ግን ብዙ ችግኝ ሊደበቅ ይችላል። ስለዚህ ጠያቂ ያስፈልጋል፤ ጠያቂዎቹም የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ናችሁ።

እናንተ ባለሥልጣኖች ሆይ! አንድ አየር መንገድ ወይም ሌላ ድርጅት ለችግኝ ቦታ ስጡኝ ብሎ ሲመጣ፣ መሬቱ የማን እንደ ሆነ፣ የሚጸድቀውን ማን እንደሚጠብቅ፣ ገንዘቡም ከገበሬው ማኅበር እጅ እንደሚገባ በጽሑፍ አስፈርሙ፤ ከሁሉም በላይ ዛፉ የነዳጅ ማካካሻ ተብሎ እንዳይመዘገብ ተከላከሉ። ስጦታ ከሆነ ስጦታ ይባል። ለአየር መንገዶችም አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ በየዓመቱ ስንት ችግኝ እንደ ተከሉ ከማሳወቃቸው አስቀድመው፣ አንድን ሰው ወይም አንድን ቶን ጭነት መቶ ኪሎ ሜትር ለማድረስ ስንት ኪሎ ነዳጅ እንዳቃጠሉ፣ ከአምናውም ስንት እንደ ቀነሱ ለሕዝብ ያሳውቁ።

እናንተ መምህራን ሆይ! ከላይ የተጻፈውን የሁምቦን ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ተማሪው ራሱ እንዲያካፍለው አድርጉ። በችግኝ ተከላ ቀን ወደ ኮረብታ ስትወጡም፣ የምንተክለው ለብላቴ ነው፣ ለምንጫችን ነው ብላችሁ እውነተኛውን ምክንያት ንገሩት።

እናንተም በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ትምህርት ቤቶች ያላችሁ ተማሪዎች! የአገራችሁን አውሮፕላን የምትወዱ ከሆነ፣ የሚያስፈልገው እናንተን የመሰለ መሐንዲስ፣ የተረፈ ዘይት የሚያጣራ ኬሚስት፣ ቀጥተኛውን የአየር መስመር የሚቀይስ የሒሳብ ሊቅ ነው። አካፋ የሚይዝ እጅ ከናንተ በፊትም ነበረ፤ ከናንተም በኋላ አይጠፋም። ጋኑን የሚያቀልል አእምሮ ግን ገና ይፈለጋል፤ እርሱም ከነዚህ ከተሞች እንዲወጣ እንትጋ።